ማሳው ሲያሽት መጣህ

ክርክር አየሁ የሚል ሰው እስቴ መካነ ኢየሱስ መጥቶ እኔ ሻይ ቤት መቀመጥ ነበረበት። አሁንማ ምን አለ! አልጣሽ እባላለሁ፤ ሻይና ብስኩት እሸጣለሁ። አፏ መራራ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ሁለት ሽማግሌ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲነታረኩ የሰማች ሴት አፏ እንዴት ይጣፍጥ?

አንደኛው አያ ጥላዬ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ የስፌት መኪናቸው ከደጄ ፊት ለፊት። ሌላው ጋሽ እንድርያስ፤ ጡረተኛ አስተማሪ፣ የስማዳ ሰው፣ እዚህ መጥተው አግብተው የቀሩ፤ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ናቸው። በጉብዝናቸው ሁለቱም ኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ አያ ጥላዬ በእስቴ፣ ጋሽ እንድርያስ በስማዳ። መጋረጃው ተከፍቶ እስኪዘጋ ሁሉ ነገር በዘፈን የሚነገርበት ቴአትር ይዘው በየገበያው ይዞሩ ነበር። የእስቴው «የአውድማው ሙሽራ»፣ የስማዳው «ከወንዝ ማዶ» ይባላል። እንግዲህ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ነው ነገሩ። ሌላ ቴአትር በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም።

«አርብ ገበያ ከተማ ላይ'ኮ ሰው አህያውን ጥሎ ነው ያለቀሰው!» ይላሉ አያ ጥላዬ።

«እስቲ አንድ ስንኝ በልልኝ» ይላሉ ጋሽ እንድርያስ። «የኛው ይኸው በደብተር አለ። ያንተን ምስጥ በላው?»

እዚህ ላይ አያ ጥላዬ ተነሥተው ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። የእስቴውን ግጥም ያወጡ የነበሩት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል የቅኔ መምህር ነበሩ። ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። መሪጌታም ይህንኑ ልማድ ወደ ቴአትሩ አመጡት። ዜማው ያው ሆኖ ቃሉን ለየመድረኩ አዲስ ያወጣሉ፤ ጠዋት በቃል ያስጠናሉ፣ ከሰዓት ይዘፈናል፣ በቃ። ሲጽፍ ያገኙትን «ሌባ!» ብለው በመቋሚያ ነው የሚሉት። ለቅኔ ቤት ደንብ ነው፤ ለቴአትሩ ግን ጥፋት ሆነ። አንድ ወረቀት ሳያስቀሩ ሞቱ።

አዛለች እስክትሞት ድረስ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። አዛለች የአያ ጥላዬ ሚስት ናት። ሙሽራይቱን ሆና የምትጫወተው እሷ ነበረች፤ ሙሽራው ደግሞ እሳቸው። የተዋደዱትም እዚያው መድረክ ላይ ነው። አርብ ገበያ ላይ፣ በመጨረሻው ትርኢት፣ ሙሽራው ጥሏት ሲሄድ የዘፈነችለት ስንኝ ነበር። ከቀብሯ ሲመለሱ አያ ጥላዬ ያን ስንኝ ፈለጉት። ዜማው አለ። ከቃሉ ግን «ማሳው ሲያሽት መጣህ» የምትለዋ ብቻ ናት የቀረችላቸው። መኪናቸውን እየረገጡ እሷን ይላሉ፤ ያቆማሉ፤ እንደገና ይላሉ።

«አልጣሽ፣ ቀጥሎ ምን ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ አያ ጥላዬ! ያኔ ጡት አልጣልሁ።»

«የሷን ቃል ሳልሰማ ከሞትሁ አፈሩ አይቀለኝም» አሉኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወደ ጋሽ እንድርያስ ዞሩ። «አንተ ያን ዕለት አርብ ገበያ ነበርህ። ምንም አልያዝህም?»

«ከናንተ ምን ልይዝ!» አሉና ጋሽ እንድርያስ ሻያቸውን ማማሰል ያዙ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

እንዲህ እየተባለ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ያለፈው ሐምሌ አያ ጥላዬ ብርድ መታቸውና አልጋ ያዙ። ልጠይቅ ስገባ ጋሽ እንድርያስ ራስጌያቸው ተቀምጠዋል። በሽተኛው በዚያ በደከመ ድምፅ «ማሳው ሲያሽት መጣህ» ይላሉ፤ ጋሽ እንድርያስም እጃቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። በሳምንቱ አያ ጥላዬ አረፉ።

ለቅሶው ላይ አልቃሿ ማንጠግቦሽ ትንፋሿን ልትሰበስብ ዝም ስትል ጋሽ እንድርያስ ተነሡ። ከኮታቸው ውስጥ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጡና በዚያው በምናውቀው ዜማ አዜሙት፦

ማሳው ሲያሽት መጣህ፣ ሲታጨድ ሄድክብኝ፤
አውድማው ሲሞላ ቤቱ ጎደለብኝ።

ድንኳኑ በዋይታ ተናጋ። የኔ እንባ ግን ቀጥ አለ። ሄጄ ደብተሩን ከእጁ ነጠቅሁት። «አርብ ገበያ» ይላል ከላይ፤ የሙሽራይቱ ዘፈን ከነሙሉው ሰፍሯል። ሃያ ዓመት «እርስዎ» ያልሁትን ሰው ያን ዕለት «አንተ» አልሁት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሲለምኑህ አንተ ዘንድ ነበር?»

«ሣጥኔ ውስጥ» አለ። «ከሕዝቡ መሐል ተሸጉጬ ነው የጻፍሁት። ልሰጠው ብዬ ስንቴ ይዤው ወጣሁ መሰለሽ።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«ከሰጠሁት ይረታኛል። ከረታኝ በማግስቱ ለምን ብሎ ይመጣል? ከሱ ሌላ ሰው አለኝ እንዴ፣ አልጣሽ?»

እግዜር ይይልህ አልሁት። ሌላ ምን ልበል? ማዘኑ እውነት ነው፤ ግን እንዴት ሰው ለሚሞት ወዳጁ አንዲት ስንኝ ይነፍጋል! እስካሁንም አልወጣልኝም።

ዛሬም ይመጣል። ያችው አግዳሚ ላይ፣ እዚያው ጥጉ ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት የአያ ጥላዬ ሱቅ እንደተቆለፈ ነው። ባለፈው ሳምንት ቃልኪዳን የምትባል ልጅ ከባህል ቢሮ መጣች። ከድሮዎቹ ቴአትሮች አንዱን እንደገና መድረክ ላይ ሊያወጡት ነው አሉ።

«ጋሼ፣ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» አለችው።

«የእስቴው» አለ። «የእስቴው ይበልጣል። ይኸው ግጥሙ።»

ልጅቷ ጻፈችና አመስግና ወጣች። እሱ ግን ባዶውን የአግዳሚ ጫፍ እያየ ቆየ። አያ ጥላዬ ይህችን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ተሟገቱ! ሻዩን ቀዳሁለትና ወደ ምድጃዬ ተመለስሁ።