ከዳዊቱ ማዶ

የልጅ ልጄ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ መጽሐፏን ስታጠና፣ እኔ ከወዲህ ሆኜ እንደተዘቀዘቀ ቀድሜያት አነበብኩት።

"እማማ፣ ላዙርልሽ?" አለችኝ።

"ተዪው፣ እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት።"

ያኔ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ዙሪያ ብዙም አታልፍም ነበር። የኔታ ግራር ጥላ ሥር ሲያስተምሩን የነበረን ዳዊት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያመጣው የነጋዴው ልጅ ነበር። መጽሐፉን ያመጣ በቀናው በኩል ይቀመጣል። እኔ የሐዲድ ሠራተኛ ልጅ ቦታዬ ከማዶ፣ ፊደሉ ተዘቅዝቆ በሚታይበት በኩል ነበር። ይሄ ልክ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የብራናው ሽታ ግን ለሁላችንም እኩል ይደርሰን ነበር።

ወላጆች ንባባችንን ሊሰሙ በተሰበሰቡበት ቀን የኔታ ዳዊቱን አቅንተው ሰጡኝ። አንድም ፊደል መለየት አቃተኝ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሲጨንቀኝ ዳዊቱን ዘቅዝቄ ያዝኩት።

"ኧረ ዳዊቱን ዘቀዘቀችው!" ብሎ ነጋዴው ጮኸ።

እኔ ግን ሳልደናቀፍ አንበለበልኩት።

የኔታ ጠጋ አሉኝ። ከዚያ ራሴን ዳሰስ አድርገው፣ "ልጄ፣ አንቺ አልዘቀዘቅሽውም፤ እኛ ነን ዘቅዝቀን ያስቀመጥንሽ" አሉ።

በማግስቱ እኔን በቀናው በኩል፣ የነጋዴውን ልጅ ከማዶ አስቀመጡን። እሱ አለቀሰ። እኔም እንደ አዲስ ሀ ብዬ ጀመርኩ።

የልጅ ልጄ አላስችል ብሏት መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረችው። አሁንም አነበብኩላት።

የኔታ፣ ነፍስዎን ይማር። ከየትኛውም ወገን ቢያስቀምጡኝ አነባለሁ።