ዳጉ የወሰደው የይለፍ ቃል

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ላይ ያለው የባንክ መተግበሪያ «የይለፍ ቃልዎ ደካማ ነው፤ ይቀይሩ» ብሎ አላስገባም አለኝ። አንድ ጻፍኩ፤ ደካማ። ሌላ ጻፍኩ፤ አሁንም ደካማ። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ትስቃለች። «ስንት ዘመን የሰው የይለፍ ቃል ስትመረምር ኖረህ የራስህ አቃተህ?» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ግን ያቺ «ደካማ» የምትል ቃል በቀይ ተጽፋ ብቅ ባለች ቁጥር እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ጸጉሬ ገብስማ ሆኖ፣ ልጆች ድሬ፣ እስከ ዛሬ አንዲት የአዋሽ ጠዋት ትዝ ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ያኔ የምሠራው ሰመራ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ የብርድ አገር ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሰመራ በሰኔ ምን እንደምትመስል ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ እጅ ይለበልባል። ነፋሱ ሲመጣ ተመስገን ብለህ ደረትህን ስትከፍትለት የባሰ ይጋረፍሃል። ደመወዝ የወጣ ሰሞን ሎጊያ ሄደን፣ ከጂቡቲ መንገድ ሾፌሮች ጋር ተጋፍተን፣ ሩዝ በፍየል ሥጋ እንበላ ነበር። ጨዋታው ግን በአፋርኛ ስለሆነ ለእኔ የሚደርሰኝ ሳቁ ብቻ ነበር።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋች። የሰማ ሰው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ሾፌራችን ያሲን የአገሩ ልጅ ነውና የትም ስንቆም ይጠየቃል። እኔን ግን ሰላም ብለው፣ ወተት ሰጥተው፣ በአክብሮት ያልፉኛል። እንግዳ ነኛ። ይህ ነገር ምን ያህል ይከነክነኝ እንደነበር ዛሬ ስናገረው ራሱ ያሳፍራል። አንድ ቀን እንኳ «አንተስ ምን ይዘሃል?» ቢሉኝ ብዬ እመኝ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን የከብትና የፍየል ክትባት የሚከታተል ነው። በየቅርንጫፉ የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር የምንለው አንድ አንድ ማሽን ነበር። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ሪፖርቱን እዚያ ያስቀምጣል፣ እኛ ሰመራ ቁጭ ብለን እንስባለን። አንድ ቀን አለቃችን ከአዲስ አበባ ስብሰባ ሲመለስ «የይለፍ ቃሎቻችን ጠንካራ ናቸው ወይስ አይደሉም? ፈትሽና አሳውቀኝ» አለኝ። ለዚህ የሚሆን ስካነር የሚባል ፕሮግራም አለ። በኔትወርኩ ላይ ያለውን ማሽን ሁሉ እየዞረ በር በሩን ያንኳኳል። የሚከፈት በር ካገኘ ደግሞ ሰው የሚያዘወትራቸውን የይለፍ ቃሎች አንድ በአንድ ይሞክራል። ዱብቲና ሎጊያ እምቢ አሉ። አዋሽ ግን የያዝኩትን ሻይ ሳልጨርስ ተከፈተ። ቃሉ የከተማዋ ስም ሆኖ ከኋላው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተቀጥሎበታል። የመግቢያ መለያው በሐሊማ ስም ነበር።

ሐሊማ አዋሽ ቅርንጫፍ ያለች ብቸኛዋ የመረጃ ሠራተኛ ናት። ዕድሜያችን እኩያ ነው። ከዘመዶቿ መካከል ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ስትሆን፣ አባቷ በሕይወት ስለሌሉ የምትተዳደረው በአጎቷ በኦስማን ቃል ነው። አጎቷ ሥራውን የፈቀዱላት በብዙ ልመና ነበር። «የሕዝብ አማና፣ የሕዝብ አደራ ነው የያዝሽው፤ በስምሽ አንድ ነገር የሰማሁ ቀን ወደ ቤት ትመለሻለሽ» ብለዋት እንደነበር ራሷ እየሳቀች አጫውታኛለች። እኔም ይህን እያወቅሁ፣ ለአለቃዬ «አዋሽ ላይ ሠራተኛዋ እጅግ ደካማ የይለፍ ቃል ተጠቅማለች» ብዬ ሪፖርት ላክሁ። ከዚያ ማሽኑን ለማስተካከል ከያሲን ጋር ወደ አዋሽ ተነሣን።

አዳይቱ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከአንድ ዳስ ሥር አረፍን፤ ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት ቀረበልን። አንድ ሽማግሌ መጥተው ከያሲን ጋር ረጅም ወሬ ተለዋወጡ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና የሆነ ነገር አሉ።

«አንተስ ምን ይዘሃል ይሉሃል» አለኝ ያሲን።

ልቤ አበጠ። ግን ምን ነበረኝ? ስለ ዝናቡ አላውቅ፣ ስለ ግመሉ አላውቅ። በእጄ ያለው ወሬ አንድ ነው።

«አዋሽ ያለው የመሥሪያ ቤታችን ማሽን በሩ ክፍት ሆኖ ተገኝቷል» አልኩ። «ሐሊማ የምትባለው ሠራተኛ፣ የኦስማን የወንድም ልጅ፣ ማንም የሚገምተው ቃል አድርጋበት የሰው ከብት መረጃ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው ያለው።»

ያሲን አመነታ። «ልተርጉመው?»

«ተርጉመው እንጂ።»

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «አየህ ወይስ ሰማህ?»

«በዓይኔ አየሁ» አልኩ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ብዙ ከተጓዝን በኋላ ያሲን «ጌታሁን፣ ይህ ወሬ እኮ ይሄዳል» አለኝ። «ይሂድ፤ እውነት አይደል?» አልኩት። ኩራቴን ብታዩት። ያን ዕለት ገዋኔ አደርን፣ እራቴን እንደ ሠርግ ምግብ በላሁ፣ የተጠየቅሁ ሰው ነኝና። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፣ ግን የሰሙት ሁሉ ልብ ውስጥ አይገባም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አዋሽ ገባን። ከሰመራ ለሚመጣ ሰው አዋሽ እፎይታ ነች፤ መንገዱ ዳር ሐብሐብ ተከምሮ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው፣ አየሩም ቢያንስ ያስተነፍሳል። ቢሮው ጋ ስንደርስ ከበሩ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ ዱላ የያዙ አዛውንት ተቀምጠዋል። ሐሊማ የቢሮውን ቁልፍ በእጇ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። ወሬው ቀድሞን ገብቶ ነበር።

«ጌታሁን፣» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቃል የሰጠኸኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣብኝ። ያለፈው ዓመት፣ ማሽኑን የተከልኩ ዕለት፣ መኪናው ውጭ ጥሩምባ እየነፋብኝ፣ እጄ ላይ የመጣልኝን ቃል መትቼ ነበር። እሷም «ትንሽ አልቀለለም?» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስቄ «ማን ነው አዋሽ ድረስ መጥቶ የፍየል ክትባት የሚሰርቀው? እንዳትነኪው፣ ከነካሽው ሰመራ ላይ ይበላሽብናል» አልኳት። አልነካችውም። አደራዬን ጠብቃ ቁጭ አለች።

እኔ ያየሁት የተከፈተ በር ነው። ማን እንደከፈተው አላየሁም ነበር። ስሟን አየሁ፣ የቀረውን ራሴ ሞላሁት፣ ከዚያ «በዓይኔ አየሁ» አልኩ።

ጥላው ውስጥ የተቀመጡት አዛውንት፣ አጎቷ፣ በአማርኛ ጠየቁኝ፤ መልካ ወረር እርሻ ላይ በሠሩበት ዘመን የለመዱት አማርኛ ነው። «ልጄ አማና በላች ተባለ። ወሬው ያንተ ነው አሉ።»

እዚህ ላይ ያልኩትን እስካሁን ለሚስቴም አልነገርኳትም። «ስህተቱ እንግዲህ የሁላችንም ነው» አልኩ።

«የሁላችን ማለት የማን?»

ሐሊማ መሬት መሬት ታያለች። «የእኔ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንዳትነካው ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ለሽማግሌው እንዴት አልከው? አየሁ ነው ሰማሁ?»

«አየሁ።»

«እንግዲያው በመጣህበት ተመለስ፣ በነገርክበት ንገር» አሉኝ። «ወሬው እስኪቃና እሷ ቤቷ ትቀመጣለች።» ቁልፉን ሐሊማ ራሷ እጄ ላይ አኖረችው። የይለፍ ቃሉን ጠንካራ አድርጌ ቀየርኩ፤ ጠንካራነቱ ምን ያደርግልኛል። ስጽፈው ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ስንመለስ በየቆምንበት ተናገርኩ። ገዋኔ ላይ ተናገርኩ፣ አዳይቱ ላይ እኚያኑ ሽማግሌ አስፈልጌ ተናገርኩ። ያሲን ሲተረጉም ፊቱን ማየት አቃተኝ። ሽማግሌው እንደ ፊተኛው ቀን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ ጥያቄያቸውን ጠየቁ፣ ወተትም ጋበዙኝ። ወሬውም በታማኝነት ሄደ፤ ሳምንት ሳይሞላ አጎቷ «ልጄ ንጹሕ ናት» ብለው ወደ ሥራዋ ላኳት።

ስትመጣ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። አለቃችን የላክሁለትን ሪፖርት አንብቦ፣ ከሥራ የቀረችበትንም ቀን ጨምሮበት፣ አሰናብቷት ነበር። ሰመራ ቢሮው ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም። «እሺ፣ አንተ ተከልከው። እሷስ ዓመት ሙሉ ምን ትጠብቅ ነበር? ነገሩ አልቋል፣ አታወሳስበው» አለኝ። እኔም የደረጃ እድገት እጠብቅ ነበርና አላወሳሰብኩም። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰላም ይሉኛል፣ ያበሉኛል፤ ወሬ የሚጠይቁት ግን ያሲንን ነው።

ሰመራን ከለቀቅሁ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዋሽ ሳልፍ ሐሊማን አገኘኋት። ስልክና ቻርጀር የምትሸጥበት ሱቅ ከፍታለች፤ ወፈር ብላለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። ዳጉ ደርሷት ስለ ልጆቼ በየስማቸው ጠየቀችኝ፣ ሐብሐብ አስመጥታ ቆረጠችልኝ። አላስችል ብሎኝ «ሐሊማ፣ ያን ጊዜ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምተናል» አለች። «ያኔውኑ ደርሶናል። አጎቴ እስኪሞቱ ድረስ ስለ አንተ ክፉ አልተናገሩም።» ቢላዋውን በጨርቅ ጠረገችና «ለአለቃህስ ነግረኸው ነበር?» አለችኝ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ።»

ራሷን ነቀነቀችና ሌላ ቁራጭ ሐብሐብ ሰጠችኝ።

ጥፋቴንማ ማንም ይሳሳታል ብዬ ራሴን ማጽናናት አያቅተኝም። የማይወጣልኝ ሌላ ነው። ስሟን ያጠፋሁበትን ወሬ የጠየቁኝን ሽማግሌ በልቤ እያመሰገንኩ፣ በደስታ ነው የተናገርኩት። እንጀራዋን የሚመልስላትን ወሬ ግን መስማት ለማይፈልግ ሰው አንዴ ተናግሬ፣ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።