ጋሽ ግዛቸው ጌጡን ያቆመበት ድምፅ

ጋሽ ግዛቸው በሃያ ሁለት ዓመቱ ሸመገለ። ቀልድ አይደለም። ቴአትር ቤቱ የቀጠረው በአናጢነት ነበር፤ አንድ ቀን ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ታመመና ጋሽ ግዛቸው መዶሻውን አስቀምጦ የጥጥ ጢም ለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ወጣት ሆኖ መድረክ ላይ የወጣበት ቀን የለም። አባት ሆነ፣ አጎት ሆነ፣ ቄስ ሆነ፣ ዳኛ ሆነ። ስንቴ እንደሞተ እኔን ጠይቁኝ፤ አልባሳት ክፍል ስለምሠራ መገነዣውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ዋና ተዋናይ ግን አንድም ቀን ሆኖ አያውቅም። ሲከፋው "ይህን ድምፅ ለማን ነው ያስቀመጥኩት?" ይላል። ድምፁስ እውነትም ድምፅ ነበር። ጉለሌ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ጠዋት እሱ ጉሮሮውን ከጠረገ በኋላ የሚተኛ ሰው አልነበረም።

አብዮቱ ሲመጣ ብዙ ሰው ከሥራው ተፈናቀለ፤ ለጋሽ ግዛቸው ግን ሥራ በዛለት። የሚጻፈው ቴአትር ሁሉ ክፉ ባላባት ይፈልጋላ! ጭሰኛ የሚገርፍ፣ ጎተራ የሚቆልፍ፣ በመጨረሻ ሕዝብ የሚፈርድበት። ካባውን ትከሻው ላይ ጣል ሳደርግለት እኔ ራሴ እፈራው ነበር። ሰውየው እኮ በዕድሜው ስንዝር መሬት ኖሮት አያውቅም፤ የሚኖረውም ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሰው "ባላባቱ መጡ" እያለ ሲያላግጥበት ይስቃል። ሚስቱ እትዬ ንግሥት ግን አትስቅም። "ይቺ ቀልድ አንድ ቀን ጉድ ታመጣብሃለች" ትለዋለች።

ጉዱ የመጣው በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ ነው። አዲስ ቴአትር እያጠናን ነበር። ገበሬዎቹ ሲያምፁበት ባላባቱ ካባውን አጣፍቶ "በጃንሆይ አምላክ ቁሙ!" ብሎ ይጮኻል፤ እነሱ ግን አይቆሙለትም። ያን ዘመን ላልደረሰበት ሰው ልንገረው፦ ድሮ "በጃንሆይ አምላክ" ተብሎ የተጠራ ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ ባለበት ቀጥ ይላል። አብዮቱ ይህን ሻረና "በሕግ አምላክ" በሉ ተባልን። አፋችን ግን ቶሎ አልለመደውም።

ያን ቀን ያቺን ቃል ሃያ ጊዜ ሲለማመዳት ውሎ አብረን ወደ ቤት ስንመለስ፣ አዲሱ ገበያ ላይ ሁለት ሽንኩርት ነጋዴዎች በመሸጫ መደብ ተጣልተው ዱላ ተማዘዋል። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጌጡ ጠመንጃውን ወድሮ ወደ እነሱ ይሮጣል። አንድ ሰው ሊሞት ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል፣ ጋሽ ግዛቸው ከአጠገቤ ደረቱን ነፋ።

"በጃንሆይ አምላክ! ቁም!"

ገበያው ቀጥ አለ። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ጌጡም አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆመ። ሽንኩርት ነጋዴዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ዱላቸውን ጣሉ። ከዚያ ጌጡ እግሩን አወረደና ዞረ።

"ማነው እሱ፣ አሁን ይህን ያለው?"

"እኔ ነኝ" አለ ጋሽ ግዛቸው። ምን እንዳለ ለራሱ የገባው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ ሆነ።

ጌጡ ይዞት ወደ ቀበሌ ሄደ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በዚያን ጊዜ "አድሃሪ" ተብሎ ቀበሌ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ፣ መውጣቱንም ጭምር፣ እግዜር ነው የሚያውቀው። እትዬ ንግሥት ብርድ ልብስ ጠቅልላ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ መጣች። "ደሳለች፣ በቃ ወሰዱብኝ አይደል?" አለችኝ። ልብስ ላዘጋጅበት የያዝኩት የቴአትሩ ጽሑፍ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር "አይዞሽ፣ ማስረጃ አለን" አልኳት። ከሳንሱር ተመልሶ ገና ትናንት ነው የደረሰን፤ ማንም አልገለጠውም። ምነው ቀድሜ ገልጬ ባየሁት ኖሮ!

ሊቀመንበሩ ጓድ ቶለሳ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አይጮኽም፤ እኔ ደግሞ የምፈራው እንደሱ ያለውን ነው። ገጹን ገለጠ። ቃሏ በቀይ ቀለም ተሰርዛ "በሕግ አምላክ" ተብሎ ከላይዋ ተጽፏል። ባላባት ከመቼ ወዲህ ነው በሕግ አምላክ የሚለው? ግን ለማን ትናገረዋለህ።

"ይኸው ተሰርዟል እኮ፣ ጋሽ ግዛቸው። የተሰረዘ ቃል ገበያ መሃል ምን ሊያደርግልዎት ነው?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እ... ማለቴ፣ ስለማመደው ስለዋልኩ አፌ ላይ ነበር። ሰው እንዳይሞት ብዬ ነው።"

ጌጡ ለምስክርነት ተነሣ። "በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ገበያው በሙሉ ነው የቆመው።"

"አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"ቆምክ ወይ?"

ጌጡ ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። "ማለቴ... በቃ፣ ቆምኩ።"

"በጃንሆይ ስም ተጠርተህ ቆምክ?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ጌጡን ላብ አጠመቀው። "በስማቸው አይደለም፣ ጓድ! ድምፁ ነው! ድምፁን ስላልሰማኸው ነው እንጂ!"

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይሞከራላ እንግዲህ። ያቆመህ ስሙ ከሆነ ሁለታችሁም እዚሁ ትቆያላችሁ። ድምፁ ከሆነ ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ። አንተ ወደ በሩ ሂድ። ጋሽ ግዛቸው፣ በሕግ አምላክ ብለው ያቁሙት።"

ጌጡ መራመድ ጀመረ። ጋሽ ግዛቸው ቆመ፣ ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልከዳው ጉሮሮ ያን ሰዓት ደረቀ። እትዬ ንግሥት እጄን ጨምድዳ ይዛ "ማርያም፣ ማርያም" ትላለች። ጌጡ በሩ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ቀረው።

"በሕግ አምላክ!"

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ደጅ ጭነት ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ቀጥ አለ። እኔ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ጌጡ አንድ እግሩን እንዳነሣ፣ ልክ እንደ ገበያው፣ ደርቆ ቀረ።

"ይበቃል" አለ ሊቀመንበሩ፤ ሳቁን ሊደብቅ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። "ከእንግዲህ ይህችኛዋን ይለማመዱ።"

ተመስገን! ወጥቼ የቀበሌው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ንግሥት ያልተፈታውን ብርድ ልብስ ታቅፋ፣ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ባሏን ትሳደባለች። እሱ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። "ሰማሽው፣ ደሳለች? ስሙ አልነበረም ለካ!"

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ባላባትና ሽማግሌ ሆኖ ተጫወተ፤ ዋና ተዋናይ ሳይሆን ጡረታ ወጣ። ያቺን ቀን ግን ለማንም ያወራታል፤ ሲጨርስም ወደ እኔ ዞሮ "ድምፄ ነው ያቆመው፣ አይደል?" ይለኛል። "ድምፅህ ነው እንጂ፣ ጋሽዬ" እለዋለሁ።

ጌጡን ከዓመታት በኋላ ዳቦ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። ያቺን ቀን አንሥተን ስንስቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "እኔ እኮ በሩ ጋ ስደርስ እግሬን አንሥቼ እየጠበቅኩት ነበር። ዝም ቢልም እቆምለት ነበር" አለኝ።

ይህን ለጋሽ ግዛቸው አልነገርኩትም። ዋና ተዋናይ የሆነባት ቀን እሷ ብቻ ናት።