በካላሃሪ ውሃ አልፈልግም ያልኩ ቀን

ልጄ ሳምራዊት ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ካናዳ፣ ኖርዝ ዮርክ ወዳለው ቤቴ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ እሷ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ናሚቢያንና ቦትስዋናን ዘርግታለች። መጀመሪያ የአሸዋውን በረሃ፣ ቀጥሎ አራዊቱን ልታይ ነው። ዝናብ ሳይገባ መሄድ አለባት፤ እንስሳቱ ሁሉ ውሃ ፍለጋ አንድ ቦታ የሚሰበሰቡት ያኔ ነው አለችኝ። ምስር ወጤን እየበላች መሐል ላይ ቀና አለችና፣

«ማሚ፣ ቡክ ላደርግ ነው። አብረሽኝ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ እኔን ተዪኝ። አንቺ ሂጂና ተደሰቺ» አልኳት።

«ኦኬ» ብላ የአንድ ሰው ክፍል መፈለግ ጀመረች።

ክው አልኩ። እኔ እኮ እንድትለምነኝ እየጠበቅሁ ነበር። እዚህ አገር ላደገ ልጅ አይ ካሉት አይ ነው። ይህን ደግሞ መጀመሪያ የተማርኩት እዚያው፣ እሷ ልትሄድበት በምትሰናዳበት በረሃ ነው።

ወደ ካናዳ ከመምጣታችን በፊት እኔና ጓደኛዬ ዘነበች በስደት ቦትስዋና ቆይተናል። ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላንም ነበር። አንድ ቀን ወደ ከተማ ስንሄድ የተሳፈርንበት የጭነት መኪና ካላሃሪ በረሃ መሐል ተበላሸ። ሾፌሩ መለዋወጫ ሊያመጣ በሌላ መኪና ሄደ፤ እኛ አንዲት ግራር ሥር ቀረን። ሙቀቱ ያንገበግባል፤ አሸዋው ጫማ አልፎ ያቃጥላል። የያዝነውን ውሃ ገና ጠዋት ጨርሰነዋል።

አብረውን የተሳፈሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ፣ እንግሊዝኛም ከእኛ የተሻለ የሚናገሩ። ከጀሪካናቸው በኩባያ ቀድተው ዘረጉልን። እኛ የጨዋ ልጆች አይደለን? እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን፣ ጠጥተናል፣ እናመሰግናለን አልን። እሺ በሚል ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ውሃውን እሳቸው ጠጡና ጀሪካኑን ከደኑት።

ዘነበች በጆሮዬ፣ ቆይ ደግመው ይሉናል አለችኝ። አላሉንም። ሰጎኖች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው በፊታችን ሲያልፉ ባልቴቷ በጣታቸው አሳዩን። ሰው ዛሬ ስንት ከፍሎ የሚያየውን እኔ ዞር ብዬ አላየሁትም፤ ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ ተተክሏል። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ኋላ ዘነበች ራሴን አዞረኝ ብላ ጭኔ ላይ ተጋደመች። ፊቷን ሳየው ፈራሁ። ይሉኝታዬ የለቀቀኝ ያን ጊዜ ነው።

«እማማ፣ ውሃ ይስጡን» አልኩ።

ደንግጠው ኩባያውን ሞሉ፤ ዘነበችን ቀና አድርገው በገዛ እጃቸው አጠጧት። ነፍስ ስትዘራ ነው ታዲያ ለምን ጠጥተናል አላችሁኝ ብለው የጠየቁኝ። በአገራችን እንግዳ መጀመሪያ እንቢ እንደሚል፣ ጋባዡም በሞቴ እያለ እንደሚለምን አስረዳኋቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን፣

«ልጄ፣ እኔ ያመንኩሽ አክብሬሽ ነው» አሉኝ።

መኪናው እስኪጠገን ድረስ ሐብሐባቸውን እየቆረጡ፣ በየቁራጩ «በሞቴ» እያሉ ሲያሾፉብን ዋሉ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር እስከ ዛሬ የለም። ዘነበች ይኸው እዚሁ ዳንፎርዝ አካባቢ የልጅ ልጆቿን ታጫውታለች፤ ባየኋት ቁጥር እኚያን እናት አመሰግናለሁ።

ሳምራዊት አሁንም ስክሪኑ ላይ አጎንብሳለች። እሷም እኮ ያመነችኝ አክብራኝ ነው።

«ሳምሪ፣ ልምጣ። መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ማሚ፣ ቅድም ኖ አላልሽም?»

«ብያለሁ። አሁን ደግሞ እሄዳለሁ እያልኩሽ ነው።»

ፊቷ በራ። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ የአንድ ሰው የነበረውን ክፍል የሁለት አደረገችው። ከዚያ ምን ማየት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ አንበሳ ይሁን ዝሆን።

«ሰጎኖቹን» አልኳት።