ጺም ያበቀለው ሰፈር

ያን ቀን ፀሐይና ዝናብ አብረው ወጥተው ነበር፤ ሰው «ጅብ ወለደች» የሚለው ዓይነት ቀን። ረፋዱ ላይ የጀመረው ካፊያ አመሻሹ ላይ ዶፍ ሆነና መንገዱ ጭር አለ። ምላጭ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ መስታወቱን በጨርቅ ሲወለውል አመሸ። አንድም ደንበኛ አልመጣም። እሱም አልከፋውም፤ ዝናብ ሲዘንብ ፀጉርም አይቸኩልም።

ምላጭ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው፤ ከምላጩ ይልቅ ምላሱ ስለሚብስ። አባቱ አንድ የድንጋይ አጥር ሥር ወንበር አስቀምጦ ፀጉር ይቆርጥ ነበር። ልጁ ወንበሩን ወረሰና ጣሪያ ሠራለት። የሰፈሩ ሰው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ ቋንቋውም ሃይማኖቱም ለየቅል ነው። ጺሙ ግን የሚሄደው ወደ አንድ ቤት ነው። ምላጭ ራሱ ጺማም መሆኑ ያስቃቸዋል።

«ባለሱቁ የራሱን ዕቃ አይቀምስም» ይሉታል።

«የእኔ ለናሙና ነው» ይላል እሱ። «ጺም ምን እንደሚመስል እንዳትረሱት።»

ከመጋረጃው ጀርባ መስገጃ አለው። ሊሰግድ ሲገባ ሱቁን የሚጠብቅለት ጎረቤቱ አናጢው ነው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር፣ ድምፁ እንደ መጋዙ የሆነ ሰው።

«ለእኔም ጸልይልኝ» ይለዋል።

«ለድምፅህ ነው? እሱማ ከአቅሜ በላይ ነው።»

ከዝናቡ ማግስት አናጢው ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። «ትናንት ፖሊስ ጣቢያ መስኮት ስገጥምላቸው ዋልኩ። ዶፉ ያዘኝና እስኪያባራ እዚያው አመሸሁ» እያለ ሲያወራ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ማታ በዚያ ዝናብ፣ አዲሱ ፎቅ ላይ በቅርቡ የገቡ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ተነጥቀዋል። «ጺማም ነው፤ ነጭ ቆብ አድርጓል» ብለዋል። ፖሊሶቹ ከመንገዱ ጫፍ ጀምረው ሲመጡ መጀመሪያ ያገኙት ጺምና ቆብ የምላጭን ነው።

«ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ማን አየህ?»

«መስታወቱ።»

አልሳቁም። አናጢው አረፋውን እንደተሸከመ በር ድረስ ተከተላቸው። «ወንድሞቼ፣ እኔን ይጨርሰኝና ትወስዱታላችሁ» ቢል ማን ሰምቶት።

ዳኛዋ ለምርመራ ቀጠሮ ሰጡ፤ ከዚያም ሌላ ቀጠሮ። መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ሲጠይቀው ግን አንዴ «እናንተ ሰዎች» የሚል ቃል አመለጠው። ምላጭ ዕድሜውን ሁሉ የስንቱን ራስ በእጁ ይዞ ኖሯል፤ ያን ጊዜ ግን ከማን ጋር እንደተቆጠረ ግራ ገባው። ሚስቱ ምሳ ስታመጣለት «ቆቡን ብተወው ይሻል ይሆን?» አላት።

«ዛሬ ቆብህን ተው፤ ነገ ጺምህን ይሉሃል፤ ከነገ ወዲያ ስምህን። ይልቅ ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ሰፈሩ እኮ ጺም አበቀለ። አናጢው ሌላ ሰው ፊቴን አይነካም ብሎ ማለ። ሌሎቹም እሱን አይተው ተዉት። ዳቦ ጋጋሪውን ገዛ ልጁ ፈርታው አለቀሰች አሉ።»

ምላጭ ከታሰረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በመጨረሻ አሮጊቷ መጥተው ሰውየውን ይለዩ ተባለ። ተጠርጣሪው ከሚመስሉት ሰዎች መሀል መቆም ስላለበት መርማሪው አንድ ፖሊስ ጺማም ሰው ፍለጋ ላከ። ፖሊሱ ሥራ እንደዚያ ቀን ቀሎት አያውቅም። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ከኋላው ግልብጥ ብሎ መጣ።

«ሰርግ ነው እንዴ?» አለ መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ።

የሚመሳሰሉትን መረጠና ለሁሉም ነጭ ቆብ አስደረገ። ቆቦቹን ያመጣችው የምላጭ ሚስት ናት። አናጢው ከምላጭ አጠገብ ቆሞ ቆቡን አስተካከለና በሹክሹክታ «ያምርብኛል?» አለ።

«ዝም በል፤ በድምፅህ ያውቁሃል።»

ይቀልድ እንጂ ነገሩ አልጠፋውም። የሴትየዋ ጣት ወደ እሱ ከዞረ ወህኒ መውረዱ ነው። መስታወት ደግሞ ችሎት ቀርቦ አይመሰክርም።

አሮጊቷ ገቡ። ከዳር እስከ ዳር አዩና ተመለሱ። ምላጭ ፊት ቆሙ። አለፉት።

«ይሄ ነው፤ መቼም አልረሳውም» ብለው አናጢውን አመለከቱ።

መርማሪው መስኮቱን አየ፤ አናጢውን አየ። «እርግጠኛ ነዎት፣ እማማ?»

«ዓይኔ ሥር አይደለም እንዴ የነጠቀኝ?»

«ያን ሰዓት ይሄ ሰው እዚህ ነበር። ይሄን መስኮት ሲገጥም ውሎ ዝናቡ ይዞት፣ እኔው ራሴ ሻይ አጠጥቼዋለሁ።»

አናጢው ቆቡን አወለቀ፤ ከሸሚዙ ሥር መስቀሉን አወጣ። «እኔ እሁድ እሁድ ዘማሪ ነኝ፣ እማማ። ስዘምር ከሰሙኝ ግን በሌላ ወንጀል ይከሱኛል።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁ አመለጠው። አሮጊቷ አልሳቁም። ወንበር ጠይቀው ተቀመጡና ሁሉንም ተራ በተራ አዩአቸው።

«ለካ ፊቱን አላየሁትም» አሉ ቀስ ብለው። «ያየሁት ቆቡን ነው። የቀረውን እኔው ሞላሁት።»

ሌላ ማስረጃ አልነበረምና ዳኛዋ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፈቱት። ጺማሞቹ የጣቢያው በር ላይ ይጠብቁት ነበር። እንደተሰለፉ ፀጉር ቤቱ ድረስ ሸኙት፤ እዚያም ሰልፉ አልተበተነም። ወንበሩን ቀድሞ የያዘው አናጢው ነው። «የጀመርከውን ጨርስ» አለው። ምላጭ እጁ እስኪዝል ላጨ። ቦርሳ ነጣቂው እስከ ዛሬ አልተያዘም።

አሮጊቷ ከወንድማቸው ጋር መጥተው ሱቁ በር ላይ የቆሙት ሰነባብተው ነው።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት፣ ልጄ። እግረ መንገዴንም ወንድሜን ላስላጭ፤ ጺሙ አድጓል።»

«ይግቡ፣ እማማ። እሳቸውን ግን አሁኑኑ ደህና አድርገው ይዩአቸው፤ ሲላጩ እንዳይጠፉብዎት።»

ያን ጊዜ አሮጊቷ ሳቁ።

ምላጭ አሁንም እዚያው ሱቅ ነው። ጺሙም ቆቡም እንዳሉ ናቸው። ዝናብ ሲጥል ግን ብቻውን አይቀመጥም፤ አናጢው ፀጉሩ ባያድግም መጥቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።