የእህት ወንበር

«አንድ ይበቃል» ሲባል ሰፈራችን ውስጥ የማያውቀው የለም። ግድግዳ የምንጋራው አናጢው ጎረቤቴ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ቤቱ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነው ያለው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? ለስንቱ ቤት ወንበር ሠርቶ ለራሱ ሁለተኛ የለውም።

ቸግሮት እንዳይመስላችሁ፣ መርጦ ነው። ሚስቱ የሞተች ዓመት የቤቱን ዕቃ ለሰው አከፋፍሎ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው እስከ ቀትር ብቻ ነው። አንድ ሆቴል የአዳራሹን ወንበሮች በሙሉ ሊያዘው መጥቶ እንቢ አለ። «እሱን ስጨርስ ሌላ ሊያዙኝ አይደል?» አለኝ። በዓመት አንዴ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ሄዶ ቀድሞ የሚወጣው ላይ ይሳፈራል። ሲመለስ «የት ከረምክ?» ብለው፣ «እንጃ፣ ጥሩ አገር ነው» ይላል። የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ለምውለው ለእኔ ይህ ሁሉ ያስቀናኝ ነበር። ሲመሽ ግን በግድግዳው በኩል ያቺ ወንበር ስትጎተት እሰማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ድምፅ የለም። ያኔ ቅናቴ ይለቀኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠና ያለች ሴት ሻንጣ ይዛ ልብስ መስፊያዬ በር ላይ ቆመች።

«የአናጢው እህት ነኝ፤ ታላቁ» አለች። «ይቺን ታቆይልኛለሽ፣ ልጄ? ገና ከበሩ አይቷት እንዳይደነግጥ ነው። ልጆቼን ድሬ ቤቱ ጭር አለብኝ። ካልከበድኩት አብሬው ልኖር ነው የመጣሁት።»

ደስ አለኝ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ብዬ ሻንጣዋን ተቀበልኳት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲገናኙ ሰማሁ።

«እትዬ! ተቀመጪ፣ በሞቴ!»

«አንተስ?»

«ግድ የለም፣ ለእኔ መቆም ይሻለኛል።»

ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ መጣች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምነው ቶሎ?» አልኳት።

«ቆሞ አስተናገደኝ። ውሃ ሰጠኝ፤ እኔ እስክጨርስ ብርጭቆዋን እያየ ይጠብቃል፣ ሌላ የለውማ። ወንበሩም አንድ ነው። ነገር በዐይን ይገባል፣ ልጄ። የመጣሁበትን ሳልነግረው ወጣሁ።» ሻንጣዋን አነሳች። «አደራ፣ እንዳትነግሪው።»

እሺ አልኳት። ግን አልቻልኩም፤ በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት በሩ ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት።

«ሻንጣ ይዛ ነበር?» አለ። መልሶ መላልሶ ጠየቀኝ። «እኔ እኮ የቆምኩት ለክብሯ ነው!»

«እሷ ምን ታውቃለች? በል ዛሬውኑ ሂድ።»

«የምትቀመጥበት ሳይኖር?»

«ሱቅህ ሙሉ ወንበር አይደለም እንዴ? አንዱን አንሳና ሩጥ!»

«እሱ የሰው ነው። የእሷን እሠራለሁ።»

«እሺ በእኔ ስልክ ደውልላት።»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም» ብሎ ገባ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓትም ሲሠራ አየሁት። ለዓመታት ያስቀመጠውን ደህና እንጨት አወጣ። ጉልበቷን ያማታልና ስትነሳ የምትደገፍበት መደገፊያ አበጀለት። ከዚያ ማጣበቂያው እስኪይዝ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ። በእጁ ዳብሶ አልወደደውም መሰለኝ፣ ፍቆ እንደገና ቀባው። እኔ ውስጥ ውስጡን አረርኩ። ሳምንት አልፎ ሌላው ተጋመሰ፤ አንድ ሰው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይህን ያህል ይጠብቃል? ብነግረው አልሰማኝም። በመጨረሻ ወንበሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ አስጭኖ ሄደ።

ሲመለስ ባዶ እጁን ነው። ደጃፌ ላይ ቆመ።

«እትዬስ?» አልኩት።

«ልጇ ዘንድ ገብታለች። ቤቷን አከራይታለች፤ ልጅቷም ክፍል ለቃላታለች። አሁን ትቻት ብመጣ ትቀየመኛለች አለችኝ።» «ወንበሩን ስታይ አቅፋኝ አለቀሰች።»

«ታዲያ ወንበሩ የት ቀረ?»

«'እዚሁ ይቀመጥ፣ ወንድምዓለም፤ አንተ ስትመጣ የምትቀመጥበት አታጣም' አለችኝ።»

ግባና አረፍ በል አልኩት፤ «ይበቃኛል» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁንም የሚሠራው እስከ ቀትር ነው። በዓመት አንዴ መሄዱንም አልተወም፤ ብቻ ቀድሞ የሚወጣውን አውቶቡስ መሳፈር ቀርቷል። እህቱ አገር የሚሄደውን ጠብቆ ይሳፈራል፤ እዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ይውልና ይመለሳል። እኔ ግን አንዳንዴ ተናድጄ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለቤትህ ሁለተኛ ወንበር አትሠራም?» እለዋለሁ።

«ለማን?» ይለኛል።