በማህተሙ ሥር የነበረው ጉንጭ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ በእርሳስ የሴት ፊት ሳለች፣ ከዚያም አስተካከለችው፤ ከዚህ ሌላ ምን አለው? ሆኖም የዚያ ቀን ድንጋጤ እስካሁን ከላዬ አልወረደም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሶዶ ለትምህርት በገባሁበት ዓመት የዶርማችን ልጆች የእርሳስ ስዕሌን ወደዱልኝ። ሁልጊዜ የምስለው የሴት ፊት ነበር። ዓይን፣ ሽፋሽፍት፣ ግንባር ላይ የሚቀር ብርሃን፣ እነዚህን በትዕግሥት አጠናለሁ። ታዲያ አንዷም ብትሆን እንዳለች መሳል አትፈልግም።

«አፍንጫዬን ቀነስ አድርጊው እንጂ፤ እንዳለ ከሳልሽው ሌላ ወረቀት ልትገዢ ነው!» ትላለች አንዷ።

«የሷን ጉንጭ ደግሞ ሙይላት፤ የካፌው ወጥ ነው ያከሳት» ትላለች ሌላዋ።

ሰው ደስ ሲለው ደስ ስለሚለኝ እሺ እላለሁ። አፍንጫ እቀንሳለሁ፣ ጉንጭ እሞላለሁ።

ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛው ልጅ የቢጠና ልጅ ነበረች። እኔም እዚያው ወላይታ ውስጥ የዲምቱ ልጅ ስለሆንኩ እንደ አገር ልጅ እንተያያለን። አንድ ቀን ታላቅ እህቷ ታመመች ተብላ ወደ ቤት ሄደች። ስትመለስ ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። እህትየዋ ሞታ ተቀብራ ነበር። እጄ ላይ የነበረው የሻይ ኩባያ ወደቀ።

ከቦርሳዋ የእህቷን የቀበሌ መታወቂያ አውጥታ ሰጠችኝ።

«እናቴ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው ትላለች» አለችኝ። «መጀመሪያ ሰሞን ዓይኗን ስትጨፍን ትመጣላት ነበር። አሁን ግንባሯ ይመጣና ሌላው አይመጣም። ለአርባዋ ትደርሽልኛለሽ? ስዕሏን አሠርቼልሽ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።»

ጉርድ ፎቶውን ሳይ እንደገና ደነገጥኩ። ክቡ ወይን ጠጅ ማህተም ግራ ጉንጯን ከዓይኗ ሥር እስከ መንጋጋዋ ድረስ ሸፍኖታል።

«ሌላ ፎቶ የላትም?»

«መነሳት አትወድም ነበር።»

«እና እዚህ ጋ ምን ልሳል?»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። «እንደ ወዲያኛው ጉንጭ አድርጊው» አለች።

እንዳለችኝ አደረግኩ። ፎቶው ላይ በማስመሪያ ትንንሽ ካሬ፣ በወፍራሙ ወረቀት ላይ ትልልቅ ካሬ አሰመርኩና አንድ በአንድ አሳደግኳት። ማህተሙ ጋ ስደርስ የቀኙን ጉንጭ ገልብጬ ወደ ግራ አመጣሁት። ጥላውን በጥጥ አሽቼ አለሰለስኩት። ሲያልቅ ጓደኛዬ አይታ አለቀሰች። «በጣም ቆንጆ ናት» አለች። «እሷ ናት» እንዳላለች ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

አርባው እሁድ እንዲውል ተወስኖ ነበርና በሚኒባስ ቢጠና ሄድን። ስዕሉ በመስታወት ገብቶ በአንሶላ ተጠቅልሏል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ቀሳውስቱ ጸሎታቸውን ጨርሰዋል፤ ሰው ምግብ ሊቀርብለት ነው። እናትየዋን ጓዳ በር ላይ አገኘናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። አጠገቧ የጓደኛዬ አክስት ነበረች። አንሶላው ሲገለጥ አክስትየዋ ደረቷን ይዛ ጮኸች።

«ውይ! ምን የመሰለች! እዩልኝማ፣ ሙሽራ መስላ!»

እናትየዋ ግን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ይቺ ማን ናት?»

የሌላ ሰው ፎቶ የሳልኩ መሰለኝ።

«አዬ፣ እሷ ናት እኮ» አለቻት ጓደኛዬ፣ እንደ አገራችን እናቷን አዬ እያለች።

«የኔ ልጅ አይደለችም። ጉንጯን ማን ወሰደው?»

ያኔ ጓደኛዬ እንደገና አለቀሰች። «እኔ ነኝ አዬ። ጠባሳውን እያየሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ ብዬ ነው።»

ስለ ጠባሳ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ፣ እናትየዋ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ድስቱን ከእሳት ስታወርድ፣ ያኔ ገና መራመድ የጀመረችው ይህችው ልጅ ቀሚሷን ይዛ ሳበቻት። የፈላው ውሃ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ።

«ተዪው እንጂ እህቴ!» አለች አክስትየዋ። «ዕድሜዋን በነጠላ ስትሸፍነው ኖራ፣ አሁን በስዕል እንኳ ትረፍ!»

«ከሰው ሸፈነችው፤ ከኔ ሸፍናው አታውቅም» አለች እናትየዋ። ወደ ጓደኛዬ ዞረች። «ሁለታችሁ አንድ አልጋ ስትተኙ በጨለማ መጥቼ አለብሳችሁ ነበር። ማን ማን እንደሆነ የማውቀው ጉንጫችሁን ዳስሼ ነው። ይቺን ብዳስስ አንቺን ነው የምትመስለኝ።»

ጓደኛዬ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ጥፋቱን ለማስተካከል ቸኩዬ «እማማ፣ አሁኑኑ እስለዋለሁ፤ ግን አይቼው አላውቅም» አልኩ።

«ነይ» አለችኝ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረች። በሻካራ አውራ ጣቷ ከዓይኔ ሥር ጀምራ በጉንጬ ላይ ወረደች። ወደ ጆሮዬ ታጠፈች፣ ተመልሳ መንጋጋዬ ላይ ቆመች። «እዚህ ይጠባል። እዚህ ጋ ቆዳዋ ይሳባል፤ ስትስቅ ከንፈሯን ወደዚህ ይጎትተዋል። እዚህ ለስላሳ ነው፣ ያብለጨልጫል።» እጇ ሲነሳ የማላውቃት ሴት ፊት እኔ ላይ የቀረ መሰለኝ።

የፍሬሙን ምስማሮች በቢላዋ ነቀልን። እርሳስ ይዤ ነበር፤ ግን ያብለጨልጫል ያለችኝን በእርሳስ ማምጣት አይቻልም። ምላጭ ለምኜ ላጲሴን አሾልኩት። ያን ያህል የደከምኩበትን ለስላሳ ጥላ እየላጥኩ ብርሃን አወጣሁ፤ ጠርዙን ብቻ በእርሳስ አጠቆርኩ። የከንፈሯን ጫፍ ትንሽ ወደ ግራ ሳብኩት። ውጭ ሰው ይጠብቃል። አክስትየዋ ከኋላዬ ቆማ «አበላሸቻት፣ አበላሸቻት» ትላለች። እናትየዋ አንዳንዴ «ዝቅ» ወይም «በቃ» ከማለት በቀር አልተናገረችም።

ስጨርስ ወረቀቱን በሁለት እጇ አነሳችው። ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ከገበያ አምሽታ የመጣችን ልጅ እንደምትቆጣ እናት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ፊት ለፊት እያየቻት «መጣሽ?» አለቻት። «የት ከርመሽ ነው?»

ዕለቱ እሁድ፣ ጥር 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር።